«እጃችሁን ታጠቡ» ባሉን ጊዜ ውኃው የት ነበር?

በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ጎንደር ውስጥ የድሮው ክርክር ዳግም ተነሣ። ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ቡና ቤት ነው፣ ለቅሶ ድንኳን ነው፣ የውኃ ወረፋ ነው፤ ሰው በተገናኘበት ሁሉ ወሬው አንድ ነው። አንዱ «ደግሞ እንደ ኮሮናው ጊዜ ቤት ሊዘጉብን ነው» ይላል። ሌላው «ኮሮና እኮ ፖለቲካ ነበር፤ ማን ሲሞት አያችሁ?» ብሎ ይነሣል። ሦስተኛው «እንዴ፣ የሰፈራችንን ለቅሶ ረሳኸው?» ይለዋል። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ የሚጠብቀን እሱ ነው» ብለው ነገሩን ለመዝጋት ይሞክራሉ፤ ክርክሩ ግን አይዘጋም። ኧረ ይኸን ሙግት ስንሰማ ስንት ዓመታችን! ጂንካ ከኛ የትና የት ነው። እኛን ያደከመን ይህ የማያልቅ ሙግት ነው፤ የማያልቀውም ያኔ የሆነውን ሁሉ ከሕዝቡ ጋር ቁጭ ብሎ የተነጋገረበት አካል ስለጠፋ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እናስታውሰው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው ተባለ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። በወሩ መጨረሻ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ እንቅስቃሴ ታገደባቸው። መጋቢት 30 ቀን ደግሞ ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አትጨባበጡ፤ ከአራት በላይ ሆናችሁ አትሰብሰቡ፤ መኪና በግማሽ ይጫን፤ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ በሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ። ሀብታሙ ዓለም ሳይቀር ሬሳ የሚያሳርፍበት ባጣበት ወቅት መንግሥት ለምን ደነገጠ ብዬ አላማርርም፤ መደንገጥ ይገባው ነበር። የሚያስመርረኝ፣ ትእዛዙ ሲወጣ የሚታዘዘው ሰው ኑሮው ምን እንደሚመስል የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ቅዳሜ ገበያ መሬት ላይ ጎመንና ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጥ እናት በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቃ እንዴት ትገበያያለች? አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ ማንን ከማን ይለያል? አዋጁ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ቀጣሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ከልክሎ ነበር። ውል ላለውና ደሞዝ ለሚቆጥረው መልካም ነው። ጠዋት ወጥቶ የዕለት ጉርሱን ይዞ ለሚመለሰው የቀን ሠራተኛ፣ ለሊስትሮው፣ ለጉልት ቸርቻሪዋ ግን ውሉስ የት አለ? እነዚህ ሰዎች ሲከራከሩ የሰማ ባለሥልጣን «ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ይል ነበር። ግንዛቤ አልጎደላቸውም። የሚበሉት ነበር የጎደላቸው፤ በረሃብና በበሽታ መካከል ምረጡ የተባለ ሰው ረሃቡን አስቀድሞ ቢፈራ ማን ይፈርድበታል?

ከሁሉ በላይ ሆድ የሚያስብሰው የውኃው ነገር ነው። በየሬዲዮው፣ በየግድግዳው፣ በየድምፅ ማጉያው «እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» ይባላል። ጎንደር ግን ውኃ በወረፋ የሚመጣባት ከተማ ናት። አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ሄዷል፤ የከተማው ሰው ደግሞ በየዓመቱ ይበዛል። መገጭ ላይ የተጀመረው ግድብ ተጓትቶ ተጓትቶ፣ ስሙን ስንሰማው ያደጉት ልጆች ወላጅ ሆነዋል። ጣና እግራችን ሥር ተዘርግቶ እኛ ቢጫ ጀሪካን ደርድረን ሌሊት እንነሣለን፤ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ለኛ ነው። አንድ ጀሪካን ውኃ ከጋሪ ገዝታ ለመጠጥ፣ ለወጥና ለሕፃን ልብስ የምታብቃቃ ሴት በቀን አሥር ጊዜ እጇን ትታጠብ? በዚያ ሰሞን ውኃ ወረፋ ላይ የነበረው መገፋፋት ራሱ በሽታውን ከምንም በላይ ያዛምት ነበር። ይህን ደግሞ ወረፋው ላይ የቆሙት ሁሉ ያውቁት ነበር፤ ይናገሩትም ነበር።

በየባንኩ፣ በየሆቴሉና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ ተተከለ። መልካም ሥራ ነበር፤ ወጣቶች ከገዛ ኪሳቸው አዋጥተው ያቆሙትም ነበር። ዓመቱ ሳይዞር ግን በርሜሉ ደረቀ፣ ሳሙናው ጠፋ፣ ብረቱ ዛገ። የሚሞላው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው አልተወሰነማ። ዘበኛው «የኔ ሥራ አይደለም» ይላል፤ ጽዳት ሠራተኛዋ «ከየት አምጥቼ ልቅዳ» ትላለች፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ ነው ሰው ማመን የሚያቆመው። በር ላይ የደረቀ በርሜል ቆሞ «ካልታጠባችሁ አትገቡም» የሚል ወረቀት ሲለጠፍበት፣ ገቢው ሁሉ ትእዛዙ ለታይታ እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ምክር ቢመጣም ጆሮ የሚሰጠው የለም።

የትራንስፖርቱ ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያንገበግበናል። በግማሽ ጫኑ፣ ታሪፉን ከፍ አድርጉ ተባለ። ሹፌሩም ልጆች አሉት፤ ግማሽ ጭኖ በድሮው ሒሳብ ነዳጅ መሸፈን አይችልም፤ ይገባናል። ግን ሰው በግማሽ የተጫነው ስንት ሳምንት ነበር? ትራፊክ ሲታይ ጎንበስ በሉ፣ ሲያልፍ ቀና በሉ፤ ጭነቱ ቶሎ ወደ ድሮው ተመለሰ፣ ዋጋው ግን ከፍ እንዳለ ቀረ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል ኮሮናን ይከላከላሉ በተባለ ማግስትም ዋጋቸው አልቀመስ አለ። ማስክና አልኮል ደብቀው በጨለማ የሸጡ ነበሩ። ድሃው ሁለት ጊዜ ከፈለ፤ አንድ ጊዜ ለፍርሃቱ፣ አንድ ጊዜ ለነጋዴው። በጭንቅ ቀን ወገኑን የሚዘርፍ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ቤት ኪራይ የማሩ፣ ለጎረቤት ጤፍ የሰፈሩ ብዙ ጎንደሬዎችም ነበሩ፤ የነሱ መልካምነት ግን ስግብግቦቹን ዝም ለማሰኘት አልበቃም።

ከዚያ የለቅሶውና የበዓሉ ጉዳይ መጣ። እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን፣ ሐዘንተኛውን አቅፈን የምናድር ሕዝብ ነን። «ለቅሶ አትድረሱ» መባል ለጎንደር ሰው ከበሽታው እኩል ይከብዳል። ያም ሆኖ ብዙ ሰው ታዟል። ቅዱስ ሲኖዶስ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ሲወስን፣ የአርባ አራቱ ታቦት አገር ሰው በ2012 ፋሲካ ትንሣኤን ቤቱ ሆኖ ተቀብሏል። ሙስሊሙ ወገናችንም የዚያን ዓመት ረመዳን ተራዊሕን በየቤቱ ሰግዷል። እናቱን ቀብሮ ሳይላቀስ የቀረ አለ። ይህን ያህል የከፈለ ሕዝብ ጥቂት ወራት ቆይቶ ምን አየ? መመሪያው ሳይሻር አደባባዩ በሰልፍ ተሞላ፤ አዳራሹ በስብሰባ ተጨናነቀ፤ ሰልፈኛውን የጠሩትም ትናንት «አትሰብሰቡ» ያሉት ነበሩ። በጥር 2013 ጥምቀት የፋሲል መዋኛ ዙሪያ በሰው ሲጥለቀለቅ ሕዝቡን የሚገሥጽበት አፍ የነበረው ሰው አልነበረም። እናቱን ሳይላቀስ የቀበረው ሰው ዛሬ «ኮሮና ፖለቲካ ነበር» ቢል ምሬቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊደረግ የነበረው ምርጫ በበሽታው ምክንያት መራዘሙም ለዚሁ ጥርጣሬ ማገዶ ጨመረለት።

ጥርጣሬው ክትባቱ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሕይወት ያስከፍል ጀመር። 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የአስትራዜኔካ ክትባት አገር ውስጥ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነበር፤ መሰጠት የጀመረውም መጋቢት 4፣ ልክ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ። በዚያው ሰሞን አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ያንኑ ክትባት ለጊዜው ማቆማቸው ተሰማ፤ ውጭ ያለ ዘመድ ሁሉ ስልክ እየደወለ «እንዳትወጉ» ይል ጀመር። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ከዚህ ደጋ እዚያ ደጋ ተዳረሰ። ክትባቱ ለምን እንደቆመ፣ ለምን እንደገና እንደተጀመረ፣ ጉዳቱ ስንት ሰው ላይ ስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ፣ ይህን ለእድሩ ሰብሳቢ፣ ለንስሐ አባቱ፣ ለመስጊዱ ኢማም ቁጭ ብሎ ያስረዳ ግን ስንት ነበር? መልስ ያልተሰጠው ጥያቄ ወሬ ይሆናል። ወሬውን ያመነውን ሰው «መሃይም» ብሎ መሳደብ ደግሞ ቀላል ሆኖ ሰነበተ።

እኛም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ከሱዳን በመተማ በኩል የተመለሱ ወገኖቻችን ለይቶ ማቆያ ጊዜያቸውን ጨርሰው ሲመጡ በር የዘጋንባቸው እኛው ነን። ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰውን ልጅ «በሽታ ይዞብን መጣ» ብለን ያገለልነው እኛው ነን። ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ተከራይታ ስትኖር «ልቀቂልን» የተባለችበት ግቢ አልጠፋም፤ ያቺው ነርስ ሌሊት የታመመብንን ሰው ስታስታምም የምታድር ናት። ማስኩን አገጭ ሥር አንጠልጥለን «ኮሮና የለም» እያልን ሽማግሌዎቻችን ፊት ስናስል ከርመናል። ይህንንም ማንም መጥቶ ሊነግረን አይገባም ነበር፤ ነውር መሆኑን እናውቃለን።

ወደ ደጋው ስንወጣ ነገሩ ይብሳል። ሰሜን ጎንደር፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከጃናሞራ እስከ በየዳ፣ ትእዛዙ የደረሰው በሬዲዮና በቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ትምህርት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይቀጥላል ተባለ፤ መብራት የሌለው ቤት ልጅ በምን ይማራል? በየቀበሌው ሁለት ሆነው የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ገደልና ሸንተረር በእግራቸው ወጥተው ወርደው ነገሩን አስረዱ፤ ብዙ ጊዜ ለራሳቸው የሚሆን ማስክ እንኳ ሳይኖራቸው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቋረጠ። አስጎብኚው፣ መሣሪያ ይዞ የሚያጅበው ስካውት፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ ጫኚው ባዶ እጃቸውን ቤታቸው ገቡ። ጎንደርም የፋሲል ግቢን ሊያይ በሚመጣ እንግዳ የሚያድሩ ስንት ቤተሰቦች ነበሩ! ለሆቴሎች ብድር ተመቻቸ ሲባል ሰማን፤ መያዣ የሌለው በቅሎ ጫኚ ግን ባንክ በር ላይ ማን ያስገባዋል? በቅሎውን ሸጦ ነው ክረምቱን የተሻገረው።

በየማታው ደግሞ ቁጥር ይነገረን ነበር። የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ተመረመረ፣ ይህን ያህል ተያዘ፣ ይህን ያህል አረፈ ብለው ያሳውቃሉ። መጀመሪያ ሰው ትንፋሹን ውጦ ያዳምጥ ነበር፤ በኋላ ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ጀመረ። አገሪቱ በመጨረሻ የመዘገበችው ግማሽ ሚሊዮን ያህል ታማሚና 7,574 ሞት ነው። ይህ ቁጥር የሚነግረን ግን ስለተመረመሩት ሰዎች ብቻ ነው። ጃናሞራ ገደል ጫፍ ላይ ሳል ይዞት፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ በቃሬዛ መውረጃ አጥቶ የሞተ ሽማግሌ በዚህ ውስጥ የለም። ባጃጅ ውስጥ «ማን ሲሞት አያችሁ?» የሚለው ሰው እውነቱን ነው፣ አላየም፤ «የሰፈራችንን ለቅሶ ረሳኸው?» የሚለውም እውነቱን ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መዝገብ ስለሌለን እስከ ዛሬ ይሟገታሉ። በዚያ ዓመት በየእድሩ ስንት ሰው እንደተቀበረ፣ ከሌላው ዓመት ምን ያህል እንደሚበልጥ የእድሮቻችን ደብተር ያውቀዋል። ደብተሩን አሳዩኝ ያለ ግን አልሰማንም።

ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ እንዲህ አያንገበግበንም ነበር። ጎንደር እኮ የኢትዮጵያ የሕዝብ ጤና ትምህርት የተወለደባት ከተማ ናት። በፈረንጆች 1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ያ እልቂት ነው በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት ዋናው። ኮሌጁ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሥራቸው ሐኪም ቤት ተቀምጦ በሽተኛ መጠበቅ አልነበረም፤ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ፣ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የበቀለው ከዚያ ነው፤ በኮሮናውም ጊዜ ምርመራውን ሠርቷል፣ ታማሚ አክሟል፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል። ባለሙያ አላጣንም። ያጣነው ባለሙያው ሕዝቡ ዘንድ ወርዶ፣ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ምንጩን አብሮ የሚያጎለብትበትን የድሮውን ልማድ ነው።

ሕዝባችን ደግሞ የራሱ ያደረገውን አይረሳም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ያ ዓለምን ያዳረሰ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲፈጅ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ሳይቀሩ ታመው ሲያጣጥሩ፣ ሰው ጉድፉን ጠርጎ አቃጠለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በብዙ ከተሞቻችን ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ኅዳር ይታጠናል። ጭሱ በሽታውን አጠፋውም አላጠፋውም፣ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ደጁን በጋራ መጥረጉ ቀርቶ አያውቅም። ማንም በቅጣት አላስገደደውም። ከ2012ቱ ኮሮና የቀረልን ልማድ ግን ምንድን ነው? እጅ መታጠቡ ከበርሜሉ ጋር ደረቀ። ለልጆቻችን የምናወርሰው አንድ እንኳ ነገር ሳንይዝ ያን ሁሉ መከራ አሳለፍነው።

ዋጋውን ደግሞ ከዚያ ወዲህ እየከፈልን ነው። ጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ፤ በ2013 ክረምት ከአዲ አርቃይና ከጠለምት የተፈናቀለ ወገን ደባርቅ ላይ በየትምህርት ቤቱ ተጨናንቆ ሲያድር ስለ መራራቅ የሚያነሣ አልነበረም፤ ሊያነሣም አይችልም ነበር። በ2015 ክረምት ቋራ በርመል ጊዮርጊስ ጸበል ፈውስ ፍለጋ በተሰበሰበው ምእመን መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው ሞተ። ነገሩ ያው የውኃና የመጸዳጃ ጉዳይ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ይቆማል፣ ክትባት ይቆማል። በፈረንጆች 2024 በአገሪቱ በአሥር ወር ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚ ሲመዘገብ አማራ ክልል ክፉኛ ከተመቱት አንዱ ነበር። ለሰባት አሠርት ዓመታት ወባን ያስተማረ ከተማ ጎረቤቱን ደምቢያን ዛሬም በአጎበርና በመድኃኒት እጥረት ያያል።

እንግዲህ ሮሮአችን ይህ ነው፤ የምንለምነውም ብዙ አይደለም። የከተማችን አስተዳዳሪዎች፣ የዞኑ ሹማምንት፣ የጤና ቢሮ ሰዎች ሆይ፣ ማርበርግ ይምጣ ኮሌራ፣ «ታጠቡ» ከማለታችሁ በፊት ውኃውን አምጡ፤ ካልቻላችሁ ቢያንስ በወረርሽኝ ጊዜ በቦቴ ለየሰፈሩ የሚታደለውን ውኃ ከአሁኑ መድቡ፣ ማን እንደሚቀዳ ማን እንደሚቆጣጠር ስም ጻፉበት። አዋጅ ከማውጣታችሁ በፊት የእድር ዳኞችን፣ ካህናቱንና ኢማሞቹን፣ የጉልት እናቶችን፣ የባጃጅ ሹፌሮችን ጥሩና «ይህን ብናዝዝ መፈጸም ትችላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ደሞዛቸውን በወቅቱ ክፈሉ፣ ጓንታቸውን አታሳጧቸው። ለሕዝብ የከለከላችሁትን ለራሳችሁ አትፍቀዱ። እኛም በየእድራችን ደብተራችንን እናውጣ፤ የኮሮናውን ዓመት ሞታችንን እንቁጠር፤ ታሞ ለዳነው፣ ከበረሃ ለመጣው፣ ለነርሷ በራችንን እንክፈት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ወባው ደምቢያ ላይ አለ፣ ኮሌራውም በየክረምቱ ጸበል ቦታና መጠለያ ይጠብቃል፤ ለመዘጋጀት ሌላ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገንም።